የቅመም ተራ ቦታ ያዦች

ሠላሳ ሁለት ዓመት በጎጃም አንዲት ደጋ ከተማ ውስጥ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁና አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሰፈር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዘንድ ገባሁ። ልረፍ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን የልጆቿን የቤት ሥራ፣ የሠራተኛዋን ወጥ፣ የጎረቤቱን የአጥር ማስታወቂያ ሳይቀር እያረምኩ ሰው ሁሉ ሸሸኝ። አንድ ቀን ጠዋት እህቴ «እታለም፣ ወይ ተማሪ ፈልጊ ወይ እኔ ቤት ልቀይር» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ቀበሌው በር ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። መርካቶ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነጋዴዎችን በነፃ የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ይላል። ገብቼ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችኝና «መርካቶን ያውቁታል?» አለችኝ። ሰው አገሩን አያውቅም እንዴ ብዬ ተቆጣኋት። አላውቀውም ነበር።

ከእህቴ ቤት እስከ ቅመም ተራ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባሕር ማዶ ለማስተማር የሚሄድ ሰው ቢያንስ አገሩ ሌላ መሆኑ ይነገረዋል፤ እኔን ማንም አልነገረኝም። ከኋላዬ «ከባድ ነው! ከባድ ነው!» እያሉ ሲጮኹ ምኑ ነው የከበደው ብዬ ዞር ስል የጆንያ ጥግ ነጠላዬን ይዞት ሄደ። ተሸካሚው ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ራሱ ተቆጣኝ፤ «እትዬ፣ መንገድ ላይ አይቆምም!» መንገድ ላይ ካልተቆመ የት ሊቆም ነው? በምን አለሽ ተራ ላሳብር ብዬ ስገባ ደግሞ በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃ የሚሠሩት ሰዎች አደነቆሩኝ። የመጀመሪያውን ቀን ክፍል የገባሁት ነጠላዬ ተቀዶ፣ ጆሮዬ እየጮኸ፣ ጫማዬ በማን እንደተረገጠ ሳላውቅ ነው።

ቋንቋውም እንደዚያው። አማርኛ ነው ይላሉ። እንድሰማ የማይፈልጉትን በጉራጊኛ ያወሩታል፣ እንድሰማ የሚፈልጉትን በመርካቶ አማርኛ ያወሩታል፤ ሁለተኛው ይብስብኝ ነበር።

ክፍሉን የሰጡኝ የተራው ነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩም ሲያዳምጡም መቁጠሪያቸውን የማይለቁ የስልጤ ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም በዕድሜ ብበልጣቸውም ጋሼ አልኳቸው። የሳሙና ካርቶን የሚከማችበትን ክፍል አስጠርገው፣ አግዳሚ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አስገብተው «ይኸው፣ እንሞክረው» አሉኝ። እንሞክረው የሚለው ቃል አልጣመኝም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሃያ ሁለት ተማሪ መዝግቤ ጀመርኩ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዓርብ ዕለት ግማሹ የለም። ከመጡት አንዷ «ዛሬ ጁምዓ አይደል እንዴ?» አለችኝ፣ ትንሽ ልጅ እንደምታስረዳ ሁሉ። ዓርብን ወደ ሐሙስ አዛወርኩ። ሐሙስ ሁለት ሰው መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ወጥቼ ባይ የተራው ሱቅ እኩሌታው ተቆልፏል። በነፃ ላስተምር ብዬ መጥቼ ይህን ያህል ይጫወቱብኝ ብዬ ልሳደብ አፌን ስከፍት ዘበኛው «ለመስቀል አገር ቤት ገብተው እኮ ነው» አለኝ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሥጋው ሲያልቅ።»

ሥጋው በጥቅምት አለቀ። ክፍሌ ሞላ፤ ሃያ ሁለቱም ቦታ ሰው አለበት። ደስ ብሎኝ ያስተማርኳቸውን ልጠይቅ ብዬ የፊተኛዋን አስነሳሁ፤ አታውቅም። ሁለተኛዋም አታውቅም። ሦስተኛው በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ፣ ፀጉሩ የሸበተ ተሸካሚ ነው፤ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳነጠፈ ተቀምጦ ተኝቷል። ቀሰቀስኩት።

«አንተ ማነህ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ» አለኝ ደንግጦ። «የበርበሬ ነጋዴውን ቦታ ይዤለት ነው።»

ቦታ ይዤ ነው። ይህን ቃል ዓመቱን ሙሉ ሰማሁት። አንዷ እህቷን ትልካለች፣ አንዱ የወንድሙን ሚስት፣ አንዱ ጎረቤቱን። የመጣው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሰሌዳውን አይቶ፣ ሰዓቱ ሲሞላ አመስግኖኝ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ነው። እኔ በየሳምንቱ ከ«ሀ» እጀምራለሁ። ጋሼ ዘንድ ሄጄ ጮህኩ።

«እትዬ» አሉኝ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ «እዚህ ባዶ የተተወ መደብ ሳይውል ሳያድር ሰው ይይዘዋል። ነጋዴ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን ሰው አስቀምጦ ነው። ክፍልዎንም እንደ መደባቸው ቆጥረው ነው ሰው የላኩት። ቢንቁዎት ባዶውን ይተዉት ነበር።»

«ጋሼ፣ በትምህርት ውክልና የለም። እርስዎ ታመው መድኃኒቱን ሌላ ሰው ቢውጥልዎ ይሻልዎታል?»

አሰብ አደረጉ። «አይሻለኝም። ግን ወረፋዬ አይጠፋም።»

ተነስቼ ወጣሁ።

በዚህ ሁሉ መሐል ፊደል የቆጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሻይ ሻጯ። በተራው ውስጥ ብርጭቆ እያዞረች የምትሸጥ ቀጭን ሴት ናት። መዝገቤ ላይ ስሟ የለም። ጊዜ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ግን ሰኞ የአንዷን፣ ረቡዕ የሌላውን ቦታ እየያዘች ሳታቋርጥ ትመጣለች። በታኅሣሥ፣ የተመዘገቡት ሁሉ «ለ» ላይ ተጣብቀው ሳሉ እሷ የሻይ ቅጠሏን እሽግ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ሌሎቹ አልቀኑባትም። እንዲያውም ኮሩባት፤ «አየሽ የኛ ቦታ ያዥ!» እየተባባሉ፣ እነሱ የተማሩ ይመስል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው። ማታ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ከነገ ጀምሮ አልሄድም እላለሁ፤ በማግሥቱ እሄዳለሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ እልህ ነው።

ከሁሉ ያናደደችኝ ግን አንዲት እርድና ኮረሪማ ሻጭ ነበረች። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ብዙ የማታወራ የጉራጌ ሴት ናት። ከሁሉም ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት፤ ከመስቀል ወዲያ ግን በእሷ ቦታ ሻይ ሻጯን እንጂ እሷን አላየሁም። በጥር አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሱቋ ድረስ ሄድኩ።

«አንቺ! ሳትማሪ ለምን ተመዘገብሽ?»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጣቶቿ እስከ ጥፍራቸው ቢጫ ናቸው። «ይቀመጡ እትዬ» ብላ ዱካዋን ለቀቀችልኝ። «ሱቁን ለማን ልተወው? የባሌ ወንድም ተዘግቶ ካየ ‹ብቻዋን አልቻለችውም› ይላል። የሚጠብቀው እሱን ነው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ያ ጊዜ የመርካቶ ነጋዴ በአክሲዮን ተደራጅቶ ፎቅ እንዲሠራ የሚነገርበት ጊዜ ነበር። ቅመም ተራም ሊፈርስ ነው፤ እያንዳንዱ ባለሱቅ በሱቁ ልክ ከሕንጻው ድርሻ ያገኛል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሙሉ በስብሰባው ሁሉ በእሷ ቦታ የሚቀመጠው የባሏ ወንድም ነው። እሷ ማንበብ ስለማትችል የሚፈርመውም እሱ ነው። ምን ምን እንደፈረመ አታውቅም። በግንቦት የመሥራቾቹ ሰነድ ይፈረማል፤ ያን ቀን ራሷ ገብታ፣ ራሷ አንብባ፣ ራሷ ልትፈርም ነው የፈለገችው። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ከዚያ ሱቅ ሌላ የሚኖሩበት ነገር የላቸውም።

«አራት ዓመት ሰው ቦታሽን ስለያዘው አይደል እዚህ የደረስሽው?» አልኳት። «አሁን ደግሞ ለእኔም ሰው ትልኪልኛለሽ!»

ፊቷን አዙራ ኮረሪማውን መልቀም ጀመረች። ቃሌ እንደከበዳት ገባኝ። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ፤ ግን እውነት ስለነበር አልመለስኩትም። ስወጣ «ጠዋት ጠዋት ገበያ ይቀዘቅዛል» አለችኝ፣ ለኮረሪማው የምትነግረው ይመስል።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሱቋ ድረስ እየሄድኩ አስተማርኳት። ያን ጊዜ ሳስበው አሁንም ያስነጥሰኛል። ሁለት ጆንያ መሐል እቀመጣለሁ፤ ከግራዬ ሚጥሚጣ፣ ከቀኝ ዝንጅብል። «ገ» ብላ ስትጀምር ደንበኛ ይመጣል። ደንበኛው ሲሄድ «ገ» አብሮት ሄዷል። ከፊት ለፊት የበርበሬ ነጋዴው ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ ዝቅ አድርገው ስለው ዝቅ ያደርግና ዞር ስል መልሶ ይከፍተዋል። ደብተሯ በወር ጊዜ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ።

አንድ ቀን ልገላገል ብዬ «ስምሽን መጻፍ ከቻልሽ ይበቃሻል፤ የምትፈልጊው ፊርማ አይደል?» አልኳት።

«ስሜንማ አውቀዋለሁ እትዬ» አለችኝ። «የማላውቀው ሌላውን ነው።»

ግትር ናት። ከሁሉ የሚያሳብደኝ አነባበቧ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ ይዛ፣ ሚዛን ላይ እንደምታስቀምጥ ሁሉ፣ መርምራ ካላረጋገጠች አታልፍም። ልጆች ሲያነቡ ይገምታሉ፤ ግማሹን አይተው ቀሪውን በድፍረት ይሉታል። እሷ አትገምትም። አንድ ቃል ስትጨርስ ሻዬ ቀዝቅዟል።

«ገምቺው እንጂ! ‹ማኅ› ካለ ‹ማኅበር› ነው!»

«‹ማኅሌት› ቢሆንስ?»

«የነጋዴ ወረቀት ላይ ማኅሌት ምን ይሠራል?»

«እኔ ገምቼ ሸጬ አላውቅም» ብላ ወደ ጣቷ ትመለሳለች። ጭራሽ አንዳንድ ቀን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች። ይህን ተረት የሚጠቅሰው መቼም የዘገየ ሰው ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም።

ግንቦት ደረሰ። ስብሰባው ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ጎጃም በረንዳ አጠገብ በተከራዩት አዳራሽ ነው። በዋዜማው ስመጣ ሱቋ ውስጥ ቆማ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ለካ ነገ የተራው ሰው ሁሉ ስብሰባ ስለሚገባ ሱቅ የሚጠብቅላት ጠፍቷል። ሻይ ሻጯ እንኳን አዳራሹ ውስጥ ሻይ ልታቀርብ ተጠርታለች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ናቸው። ዘግታው እንዳትሄድ የባሏን ወንድም ፈራች። ዞራ አየችኝ። የምትለውን ሳትናገረው አወቅኩት።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ቦታ ይያዙልኝ።»

ሰሌዳውን ትቼ፣ በስተርጅና ዱካ ላይ ተቀምጬ እርድ ልሸጥ! ላቅማማ ስል ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። እሺ አልኩ።

በማግሥቱ የሁሉንም ዋጋ በካርቶን ላይ ጽፋ አስቀምጣልኝ ሄደች። የእጇን ጽሑፍ ነው ያነበብኩት። ሦስት ስሕተት ነበረበት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሕተት አይቼ ሳላርም ተውኩት። ሽያጩ ግን አዋረደኝ። ሚዛኑን በግራ ይሁን በቀኝ እንደምጭን አላውቅም። አንዲት ሴት ጥቁር አዝሙድ ስትለኝ ኮረሪማ ሰጠኋት። አንዱ ደግሞ እጁን ከተተና «ይሄ ያምናው ነው» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ያምናው ይሁን የዘንድሮው እኔ በምን አውቃለሁ?

ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል ተብሎ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። እሷ የለችም። የበርበሬ ነጋዴው ሱቁን እየከፈተ ጮኸብኝ። «ቲቸር፣ ምን ዓይነት ተማሪ ነው ያመጡብን! ሰው ሁሉ ፈርሞ እሷን ሲጠብቅ ዋለ። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ፣ ጮክ ብላ፣ ከላይ እስከ ታች! ‹አን-ቀ-ጽ› እያለች! ምሳ እንኳን አልበላንም እኮ!»

«ጨረሰችው?»

«እኔ ትቻት መጣሁ።»

ትንሽ ቆይተው ጋሼ አለፉ። ሌላ ጊዜ ሳይቆሙ፣ ጤናዬን ሳይጠይቁ አያልፉም። ያን ቀን መሬት መሬት እያዩ ሄዱ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መጣች። ነጠላዋን አጣጥፋ በእጇ ጨብጣዋለች።

«ፈረምሽ?» አልኳት።

«አልፈረምኩም።»

«አምስት ወር! አምስት ወር እዚህ ስታስነጥሺኝ ከርመሽ፣ ስትደርሺ ፈራሽ?»

«ቁጭ ይበሉ እትዬ።»

«ቆሜ ነው የምሰማው!»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «የሱቃችንን ቁጥር አገኘሁት። ከጎኑ ያለውን ስም አነበብኩት፤ የእኔ አይደለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። የሱ ስም ነው፣ የባሌ ወንድም። ‹ፈርሚ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው› አለኝ። የቱ ጋ ስለው ከታች መስመር አሳየኝ። መስመሩ ላይ አንድ ቃል አለ። አነበብኩት። ምስክር ይላል።»

ሱቁ የሱ መሆኑን እንድትመሰክርለት ነው የፈለገው። በገዛ እጇ።

ቁጭ አልኩ። ስምሽን መጻፍ ይበቃሻል ያልኳት እኔ ነኝ። በእኔ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ስሟን አሳምራ፣ እንዳስተማርኳት ቀጥ አድርጋ ጽፋ፣ የልጆቿን እንጀራ ለሰው አስረክባ ትመለስ ነበር። አፈርኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ጋሼስ ምን አሉ?»

«እሳቸውም አላወቁም ነበር። ቦታዬን በአደራ የያዘልኝ መስሏቸው ኖሯል። ሳነበው ላብ አጠመቃቸው። ‹ተቃውሞ ካለሽ እስከ ዓርብ በጽሑፍ አቅርቢ፤ ካላቀረብሽ ግን እንዳለ ይጸድቃል› አሉኝ።»

ተነሳሁ። ደብተሯን ጎትቼ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ «ጉዳዩ፦» ብዬ ልጀምር ስል መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ቢጫ አሻራዋ ታተመበት።

«እኔ ነኝ የምጽፈው» አለችኝ። «እርስዎ ከጻፉት ደግሞ የእርስዎ ነው።»

«ዓርብ እኮ ከነገ ወዲያ ነው! አንቺ አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ትፈጃለሽ!»

«እስከ ዓርብ ስንት ግማሽ ቀን አለ?»

እስክሪብቶውን ሰጠኋት። ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። የበርበሬ ነጋዴው ከማዶ ሆኖ አየን፤ ከዚያ ማንም ሳይነግረው ሬዲዮኑን ዘጋው። በዚህ መሐል አንድ ወፍራም ሰውዬ ሱቁ አፍ ላይ ቆሞ እርድ በጆንያ ልግዛ አለ። ዋጋ ይቀነስልኝ አለ፤ እኔ ዋጋ የማውረድ ሥልጣን የለኝም አልኩት። ትዕግሥቱ አለቀ።

«ባለሱቁ የለም እንዴ?»

«አለች» አልኩት። «ያቻትና። እየጻፈች ነው፤ ጠብቅ።»